የበሬ ፊት ያለው ዘንዶ

ዘንዶው እንደገና ሲገድላት ስርጉት ላፕቶፑን ከጭኗ አንሥታ አልጋው ላይ ጣለችው። ያበሳጫት መሞቷ አልነበረም፤ ዘንዶው የበሬ ፊት ነበረው። ቀንዱን ቢያወልቁለት፣ አንገቱን ቢያረዝሙት፣ አረንጓዴ ቀለም ቢቀቡት በሬ ያው በሬ ነው። ሠሪው ደህና አድርጎ አይቶት የሚያውቀው እንስሳ በሬ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ዘንዶ ልሣል ብሎ ሲነሣ እጁ የለመደውን ሣለ። እሳት ሊተፋ አፉን ሲከፍት የሚያመሰኳ ነበር የሚመስለው።

የኮምፒዩተር ጨዋታው «የጉና ጠባቂ» ይባላል። ተጫዋቹ አንድ ወጣት ተማሪ ሆኖ ይገባበትና እየተዋጋ፣ እየገበየ፣ ከመንገደኛ ጋር እያወጋ፣ የጉናን ምንጭ የዋጠውን ዘንዶ ፍለጋ ተራራ ይወጣል። የሠራው ሙሉሰው በላይነህ ነው፤ ከስርጉት ጋር ዩኒቨርሲቲ አብሮ የተማረ፣ ዛሬ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻውን ለፍቶበታል። ልፋቱ ሁሉ ተጠቃሎ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ከሁለቱ ሰዓት ደግሞ ግማሹ የሚያልቀው ጀግናው በእግሩ ሲያዘግም ነው።

ስርጉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ታስተምራለች። ስሟን ያስጠራት ግን ማስተማሯ አልነበረም። በቴሌግራም ቻናሏ የአገር ልጆች የሠሯቸውን ጨዋታዎች ትተቻለች። ትችቷ ሁልጊዜ «ጥንካሬ» እና «ድክመት» የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት። የጥንካሬው ክፍል አንድ መስመር ከሞላለት ሠሪው ስለቱን ያስገባ። ሕዝቡ የሚሰበሰበው ሁለተኛውን ሊያነብ ነው፤ ሰው ሲሰደብ ማየት የማይወድ ማን አለ?

አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ያሉ አሳታሚዎች ከቀረቡላቸው ጨዋታዎች አንዱን መርጠው ሊያወጡ ነበርና፣ ስለ «የጉና ጠባቂ» ፍርዷን እስከዛሬ ማምሻ እንድትልክላቸው ጠይቀዋታል። እሷ አይሆንም ካለች ጨዋታው አይወጣም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ ሙሉሰውም ያውቃል። ትችቱን ከሞላ ጎደል ጽፋ ጨርሳለች፤ የቀራት ዘንዶውን ገድሎ መጨረሻውን ማየት ብቻ ነበር።

እናቷ ወይዘሮ አሰለፈች መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ነጠላቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ቀይረዋል።

«ተነሽ፣ ፊትሽን ታጠቢ። ሽማግሌ ደጅ ቆሟል።»

«የምን ሽማግሌ?»

«በጥር ወር፣ በእሑድ ቀን፣ ሦስት ሰው መምሬ ወልደሚካኤልን አስቀድሞ በሰው ደጅ ለምን ይቆማል? በሬ ሊጠይቁ መስሎሻል?»

ዓምና ከእብናት አንድ እህል ነጋዴ ሽማግሌ ልኮባት፣ አባቷ ከዘመድ ልማከር ብለው ቀጠሮ በሰጡበት ሳምንት፣ እሷ ራሷ ገበያ መሃል ሰውየውን አግኝታ «እኔ ኩንታል አይደለሁም» ብላ መልሳዋለች። አባቷ ለወር ያህል ከቤት አልወጡም። ከዚያ በኋላ ለእናቷ የተናገሩትን እሷም ሰምታለች፦ የሚቀጥለው ማንም ይሁን ማን፣ ቀጠሮ ብሎ ነገር የለም።

መጋረጃው ጀርባ ቆማ አዳመጠች።

«ኖር፣ ኖር! እንዴት ቆማችሁ ትቀራላችሁ፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉ አባቷ አቶ አለሙ።

«በእግዜር። የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ መምሬ ወልደሚካኤል መስቀል እያሳለሙ። «የላከን የበላይነህ ልጅ ሙሉሰው ነው። በልጅዎ በስርጉት ጉዳይ ልጁ እንቅልፍ አጥቷል።»

ፎቶ ኮፒው! አለች ስርጉት በልቧ። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ሰላም ሲላት እንኳ መሬት መሬት ያይ የነበረ ሰው።

«ልጁ ጨዋ ነው» አሉ ጡረተኛው መምህር አቶ ደምሴ ቀጥለው። «ድምፁ ከደጁ አይሰማ፤ አንገቱን ደፍቶ አዳሪ ነው። እኛም ደጅ ጠንተን፣ ተመላልሰን፣ እሺ እስክንባል ከዚህ አንነቃነቅም።»

ሦስተኛው ሽማግሌ አቶ ይርጋ ዝም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ሁልጊዜ የሚጠሩት ለቁጥር ነው።

አቶ አለሙ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። በዳኝነት ዘመናቸው ሁለቱን ወገን ሳይሰሙ የፈረዱበት ቀን የለም፤ ጠላታቸው እንኳ ይህን ይመሰክርላቸዋል። ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት ልጅ ግን ዳኛንም ታስቸኩላለች።

«እንግዲያው አልደከማችሁም፣ አላደከማችሁኝም» አሉ። «የመጣችሁበትን እሺ ብያለሁ። ቃሌ ነው። አሁን ተቀመጡ።»

ከጓዳ በኩል ወይዘሮ አሰለፈች እልልታቸውን ለቀቁት። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለአንድ ወር ምልልስ ተዘጋጅተው መጥተው በአንድ ትንፋሽ ማለቁ ቅር ያሰኛቸው ይመስል ነበር።

«ተመስገን» አሉ መምሬ በመጨረሻ እየተቀመጡ። «ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው፤ ጉዳዩ ምንድነው ብሎ እንኳ አልጠየቀንም። እንግዲህ ስርጉት ልጁ በሠራው የኮምፒዩተር ጨዋታ ላይ ክፉ ቃል አይወጣትም ማለት ነው።»

እልልታው መሃል ላይ ቆመ።

«የምን ጨዋታ?» አሉ አቶ አለሙ።

«ዛሬ አዲስ አበባ የሚላክ ትችት አለ» አሉ አቶ ደምሴ። «ልጅቱ ደግሞ ብዕሯ እሳት ነው አሉ። የሺዋስ የሚባለውን ልጅ ጽፋበት፣ ኮምፒዩተሩን ሸጦ ይኸው ባጃጅ ይነዳል። ይህም ልጅ እንደዚያ እንዳይሆን ነው የለመንነው።»

አቶ አለሙ የሽማግሌዎቹን ፊት ተራ በተራ አዩ። የሚስቅ ቢኖር ኖሮ ይቀልላቸው ነበር፤ የሚስቅ የለም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል እንደሚባለው፣ የሰጡትን ቃል ለመመለስ ሰበብ ፈልገው አጡ። ለጋብቻ መስሎኝ ነው ማለት ደግሞ ልጄ እንዳትቀርብኝ ቸኩዬ ነው ማለት ይሆናል።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አሉ ቀስ ብለው። «ስርጉት! ነይ እስቲ።»

መጣች። የመምሬን መስቀል ተሳለመች። ፊቷ በንዴት ቀልቷል።

«አባባ፣ ይህ እኮ ሥራዬ ነው።»

«ሥራሽ ማስተማር ነው። ይኼኛው አፍሽ ነው። እኔ ቃል ሰጥቻለሁ።»

ስርጉት ለአፍታ አሰበች፤ ከዚያም ፈገግ አለች። አባቷ ልጃቸውን ቢያስተውሏት ኖሮ ያ ፈገግታ ባስፈራቸው ነበር።

«እሺ» አለች። «ስለ ሙሉሰው ጨዋታ ክፉ ቃል አልጽፍም። አልናገርምም። ለማንም።»

መምሬ ረጅም ምርቃት መረቁ። ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ ወይዘሮ አሰለፈች ነጠላቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ወረወሩት።

«እኔን እልል አስብሎ! አሁን ምን ብዬ ነው ጎረቤት የምነግረው? ልጄ የኮምፒዩተር በሬ አትሰድብም ልበል?»

ከሰዓት በኋላ ስርጉት ወደ መናኸሪያ ወረደች። ሙሉሰው ሱቁን ከፍቶ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ጣቶቹ በቀለም ጠቁረዋል። ሲያያት ብድግ አለና ወንበሩን በእጅጌው ጠረገላት። አልተቀመጠችም።

«መጡ አይደል?» አለ እያፈረ።

«መጥተዋል። ለጨዋታ ሽማግሌ ሲላክ በታሪክ የመጀመሪያው ሳትሆን አትቀርም።»

«ፈርቼ ነው። ራሴ መጥቼ እንዳልለምንሽ ደግሞ… አንደበቴን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ።»

ሙሉሰው ሦስት ዓመት የደከመበትን ነገር ከራሱ ሌላ አንድ ሰው እስከ ጥግ ተጫውቶት አያውቅም። እናቱ አይተውት «መብራት ይበላል» ብለዋል።

«ለመሆኑ እንዴት አገኘሽው?»

«ጥሩ ነው።»

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

«ዘንዶውስ?»

«ዘንዶ ነው።»

ፊቱ በርቶ የነበረው ቀስ በቀስ ከሰመ። «ድልድዩ ጋ ደርሰሻል?»

«ደርሻለሁ።»

«አለፍሽ?»

በጨዋታው ውስጥ ከገበያው ቀጥሎ አንድ ድልድይ አለ። ጀግናው የሚነዳትን አህያ ገበያ ላይ የሸጠ ተጫዋች እዚያ ሲደርስ፣ የድልድዩ ጠባቂ «አህያህ ሳትመጣ አላሳልፍህም» ይለዋል። አህያዋ ተሸጣለች፤ ተመልሶ መግዛት አይቻልም። ተጫዋቹ ከጠባቂው ጋር እስከ ምጽዓት ቆሞ ይቀራል። ስርጉትም ተሳድባ ተሳድባ ከመጀመሪያው ለመጀመር ተገድዳ ነበር።

«ስርጉት፣ ድልድዩ ላይ ምን አለ?»

«ጥሩ ድልድይ ነው።»

«እባክሽ ንገሪኝ። አዲስ አበባዎቹም እዚያው ቢሰናከሉስ?»

«ሦስት ሽማግሌ ልከህ አፌን አስዘግተሃል፤ አሁን ደግሞ ክፈችው ትላለህ።»

«ለሕዝብ እንዳትጽፊው ነው እንጂ ለእኔማ…»

«እንዲህ ብለው አልለመኑም። አባቴም እንዲህ ብሎ ቃል አልሰጠም። ቃሉ እንዲነሣልህ ከፈለግህ ያስፈረዱልህ ሰዎች ተመልሰው ይጠይቁት።»

«በአንድ ቀን ሁለቴ? ከተማው ምን ይለኛል? መሳቂያ እሆናለሁ።»

«እስካሁን ያልሳቀብህ ያለ መስሎሃል?»

ይህን ብላ ወጣች። ዳገቱን ስትወጣ ደስ ብሏት ነበር፤ የእጁን አግኝቷል። ፈሪ ሰው ሲቀጣ ማየት ደስ ይላል፤ በተለይ ቅጣቱን ራሱ ለምኖ ሲያመጣው።

ደስታው ግን ቤት ሳትደርስ ጎመዘዛት። ያበላሸባት ገበያው ነው። ያ ከንቱ ጨዋታ ውስጥ አንዲት በርበሬ ሻጭ አለች። ደንበኛ መጥቶ ወዲያው ዋጋ ከጠየቃት ትወደድበታለች። ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ አዝመራውን አንድ በአንድ የጠየቃት እንደሆነ ግን ዋጋ ትቀንስለታለች፤ ቀጥሎ ላለችው ሻጭም «ይህ ሰው ሰው ነው» ብላ ታስተላልፈዋለች። ስርጉት መጀመሪያ ቁልፉን ደጋግማ መጫኗ አናድዷት ነበር። በሁለተኛው ዙር ግን ምንም የምትገዛው ሳይኖራት ወደ ሻጯ ተመልሳ ሰላም ብላት መጣች። እንዲህ ያለ ነገር በሌላ ጨዋታ አይታ አታውቅም። ከዚያች ገበያ ወጥቶ ድልድዩ ላይ በአህያ ምክንያት መቅረት ያሳዝናል። ለሙሉሰው አዝና አይደለም፤ ለበርበሬ ሻጯ ነው ያዘነችው።

ቤት ገብታ ዘንዶውን በመጨረሻ ገደለችው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ ተንኳኳ። ሙሉሰው ራሱ ነው፤ ከኋላው መምሬ ወልደሚካኤል ብቻቸውን።

«ሁለቱስ?» አሉ አቶ አለሙ።

«እንቢ አሉ» አሉ መምሬ። «ደምሴ ‹ለስድብ ሽማግሌ ሆኜ አላውቅም› አለኝ። እኔም ባልመጣ እወድ ነበር፤ ልጁ እግሬን ይዞ አለቀቀኝ።»

ሙሉሰው ደፉ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ተናገረ። «ጋሼ፣ የሰጡኝን ቃል ይመልሱልኝ። ትንገረኝ። ትጻፈውም።»

«ጠዋት እንዳትሰድበኝ፣ ማታ ትስደበኝ» አሉ አቶ አለሙ። «እንዳንተ ያለ ተከራካሪ ችሎት አጋጥሞኝ አያውቅም። ሙሉውን ነው የምትፈልገው?»

«ሙሉውን።»

አቶ አለሙ ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ። «የለመነው ካነሣው እኔም አነሣሁ። ግን ፍርድ የሚነበበው ተከሳሹ ባለበት ነው። የጻፍሽውን እዚሁ፣ ፊቱ ታነቢለታለሽ።»

ስርጉት ትስቃለች ብለው ጠብቀው ነበር፤ አልሳቀችም። የስንቱን ሰው ልፋት ስታብጠለጥል አንዱንም ፊት ለፊት ተናግራው አታውቅም። የሺዋስን እንኳ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ ስታየው መንገድ ትቀይራለች። ላፕቶፑን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው።

«‹ይህን ጨዋታ የሠራው ሰው ዘንዶ አይቶ አያውቅም› » ብላ አነበበች። ድምፁ የራሷ አልመስል አላት።

«ዘንዶስ ማን አይቶ ያውቃል፣ ልጄ?» አሉ መምሬ ከልባቸው።

ስትጽፈው ብቻዋን ያሳቃት ዓረፍተ ነገር እዚህ ሳሎን ውስጥ ውሃ ሆኖ ቀረ። ወደሚቀጥለው ሄደች፤ አየችውና ዘለለችው።

«አንድ መስመር ዘለልሽ» አለ ሙሉሰው።

«በምን አወቅህ?»

«ስታነቢ ተንፍሰሽ አቆምሽ። ውሎዬ ሰው ወረቀቱን ሲያነብ ማየት ነው።»

«ስለ ጨዋታው አይደለም። ስለ አንተና ስለ ፎቶ ኮፒህ ነው» አለችና መስመሩን አጠፋችው። ቀጥሎ ያለውን ሳትምር አነበበች። ጀግናው እንደ ሬሳ ሳጥን ተሸካሚ ያዘግማል። ሽማግሌው መነኩሴ ማቋረጥ የማይቻል ስብከት ይሰብካል። በየእርምጃው የሚመጣው ጅብ አንድና ያው ነው። በጨዋታው ያሉ ሴቶች፣ ከበርበሬ ሻጯ በቀር፣ ውሃ ከመቅዳት ሌላ ሥራ የላቸውም። ገና ያልጻፈችውን መጨረሻ ደግሞ በቃሏ ጨመረችበት፦ ዘንዶው ሲሞት «ይቀጥላል» ይልና ይዘጋል፤ የተጀመረ ነገር ሳይኖር ምኑ ይቀጥላል?

«ጉና በሩጫ አይወጣም» አለ ሙሉሰው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «አዝግሞ ነው የሚወጣው።»

«ጉናን አዝግሞ የሚወጣ ሰው ዙሪያውን ያያል። ያንተ ጀግና ምን ያያል? ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ ጅብ።»

አሰበበት። «ልክ ነሽ» አለ።

ወደ ድልድዩ ስትደርስ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«አህያዋን ይሸጣታል ብዬ አላሰብኩም። መንገድ ላይ ያለ ሰው እንዴት አህያውን ይሸጣል?»

«እውነቱን ነው» አሉ መምሬ። «ጭነቱን ምን ላይ ሊያደርገው? ይህን የሚያደርግ የከተማ ሰው ብቻ ነው።»

«አዲስ አበባዎቹ ደግሞ የከተማ ሰዎች ናቸው» አለች ስርጉት።

ጥንካሬ በሚለው ክፍል «ገበያው ጥሩ ነው» ብላ የተወችውን አየች። ሰዎቹን ቁጭ እንዳሉ ትታ ስለ በርበሬ ሻጯ የምታውቀውን ሁሉ ጻፈች፤ ከድክመቱ እኩል ባይሆንም ወደዚያ ተጠጋ። ስትጨርስ ቻናሏ ላይ የሚሰበሰበውን ሕዝብ አሰበችው። የሚስቅበት አንድ መስመር አልቀረለትም። ይደብረው፤ ለስድብ ሲል ብቻ ማንበብ የለመደ ሕዝብ ትንሽ ቢደብረው አይሞትም።

አሁን የቀረው የፍርዱ ቦታ ብቻ ነበር፦ ዘንድሮ ይውጣ ወይስ አይውጣ። መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ እንግዲህ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ ራሱን አዋርዶ…»

«መምሬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መዋረዱ ድልድዩን አይጠግነውም።»

ላፕቶፑን ወደ ሙሉሰው አዞረችለት። እያየ ጻፈችው፦ «ለዘንድሮ አይሆንም።» ላከችው። ሙሉሰው መስመሩን ደግሞ አነበበው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አልጠረገውም።

«እሺ» አለ። ተነሥቶ አቶ አለሙን እጅ ነሣ፤ መምሬን ለማስቀደም በሩን ከፈተ። ከዚያ ቆም አለ።

«ድልድዩን ካስተካከልኩት ታይልኛለሽ?»

«አምጣው።»

«መምሬን ይዤ ልምጣ?»

«ብቻህን ና» አለች ስርጉት። «ሽማግሌውን ለሚገባው ጉዳይ አስቀምጠው።»

ወይዘሮ አሰለፈች ከጓዳ ብቅ አሉ። ስርጉት ወደ እናቷ አልዞረችም፤ ሙሉሰው የግቢውን በር ከፍቶ እስኪወጣ ድረስ ደፉ ላይ ቆማ ጠበቀችው።